ከወጌሻ ቤት እስከ ጦር ሜዳ፤ የሂዩ ኦወን ቶማስ ሕይወትና ሥራ

በግንባታ ሥራ ላይ ከመወጣጫ የወደቀ ወይም ምሰሶ የተጫነው ሠራተኛ በቃሬዛ ሲነሣ፣ የተሰበረው የጭኑ አጥንት ከሆነ፣ ከወደቀበት ሥፍራ እስከ ሆስፒታል ያለው ጉዞ ራሱ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። የጭን አጥንት በሰው አካል ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው ነው። በተሰበረ ጊዜ ግን በዙሪያው ያሉት ብርቱ ጡንቻዎች ስለሚኮማተሩ የተሰበሩት ጫፎች ይደራረባሉ፤ ቃሬዛው በተንገጫገጨ ቁጥርም ሹል ጫፎቹ ሥጋውንና የደም ሥሩን ይጎዳሉ፤ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ደም በጭኑ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ለዚህ አደጋ መከላከያ ሆኖ ለብዙ ሰዎች ሕይወት መትረፍ ምክንያት የሆነው መሣሪያ ሁለት የብረት ዘንጎችና አንድ በቆዳ የተለበጠ ቀለበት ብቻ ያሉት ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው ሂዩ ኦወን ቶማስ በሙያው ሐኪም ቢሆንም በቀዶ ጥገና ቢላዋ ከመተማመን ይልቅ በብረት ቀጥቃጭ መዶሻ የሚተማመን ሰው ነበር። ስለዚህ የሕይወቱ ታሪክ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ኃይልንና ድጋፍን ማስላት ሙያው ለሆነ ሰውም ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

የቶማስ ቤተ ሰብ ታሪክ የሚጀምረው ከባሕር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ በምትገኘው በአንግልሲ ደሴት አጠገብ አንዲት መርከብ ተሰብራ ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ትንሽ ልጅ ወደ ዳር ወጣ። የአካባቢውን ቋንቋ የማያውቅ ስለ ነበረ ከየት አገር እንደ መጣ ሊታወቅ አልቻለም። የደሴቲቱ ሰዎች አሳደጉት፤ ኢቫን ቶማስ የሚል ስምም ሰጡት። ልጁ እያደገ ሲሄድ የተሰበረ አጥንት በማቃናትና የወለቀን በመመለስ ልዩ ችሎታ አሳየ። የቤተ ሰቡ ትውፊት የሚተርከው ይህንን ነው። ትውፊቱ የቱንም ያህል የተጌጠ ቢሆን አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ የወጌሻ ሥራ የሚባለው ሙያ በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለትውልድ መቆየቱ ነው።

የሂዩ አባት፣ እርሱም ኢቫን ቶማስ ይባል የነበረው፣ ሙያውን ይዞ ከደሴቲቱ ወደ ሊቨርፑል ተሻገረ። ሊቨርፑል በዚያን ዘመን የመርከበኞች፣ የጭነት አውራጆችና የብረት ሠራተኞች ከተማ ስለ ነበረች ስብራትና ውልቃት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር። በሽተኛው ከበሩ አልጠፋም፤ ስሙም ገነነ። ስሙ በገነነ መጠን ግን የከተማው ሐኪሞች ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራቸውን ሲሠራ ማየት መረራቸው፤ እስከ ፍርድ ቤትም የደረሰ ክስ በተደጋጋሚ ገጠመው። አባትየው ከዚህ መከራ አንድ ትምህርት አገኘ። እጁ የሚያውቀውን ነገር ሕግ እንዲያውቅለት ከተፈለገ ልጆቹ በሐኪሞች ትምህርት ቤት ማለፍ ነበረባቸው። ስለዚህ አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሕክምና እንዲማሩ ላካቸው።

ከእነዚህ የበኩሩ የሆነው ሂዩ የተወለደው ነሐሴ 1834 በአንግልሲ ደሴት ነው። ሰውነቱ ደቃቃ፣ ቁመቱም አጭር ነበር። በልጅነቱ በአንድ ዐይኑ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰበት ዕድሜውን ሙሉ ያንን ዐይኑን የሚጋርድ ባለ ጥላ ቆብ ያደርግ ነበር። ሕክምናን በመጀመሪያ የተማረው በሰሜን ዌልስ በሴንት አሳፍ ከተማ ሐኪም ከነበረው ከአጎቱ ዘንድ አራት ዓመት በማገልገል ነው። ከዚያም በኤዲንብራና በለንደን ተምሮ በ1857 የቀዶ ጥገና ሐኪምነት ፈቃድ አገኘ።

ወደ ሊቨርፑል ተመልሶ ከአባቱ ጋር መሥራት ቢጀምርም ሁለቱ ሊስማሙ አልቻሉም። አንደኛው በልምድ፣ ሁለተኛው በልምድና በትምህርት የሚመራ በመሆኑ አብሮነታቸው ብዙ አልቆየም። በ1859 ሂዩ የራሱን የሕክምና ቤት ከፈተ።

ሕክምና ቤትና የብረት ሥራ ቤት

ቶማስ ስሙ የገነነበት ቤት በሊቨርፑል በኔልሰን መንገድ ቁጥር 11 የነበረው ነው። ቤቱን ከሌሎች ሕክምና ቤቶች ሁሉ ልዩ የሚያደርገው የራሱ የሥራ ቤት የነበረው መሆኑ ነው። በዚያ ብረት ቀጥቃጭና የቆዳ ሠራተኛ ተቀጥረው ሐኪሙ ያዘዘውን መሣሪያ ለያንዳንዱ በሽተኛ በልኩ ይሠሩ ነበር። መሣሪያውን ከመደብር ገዝቶ በሽተኛውን ከመሣሪያው ጋር ለማስማማት መሞከር ለቶማስ የማይታሰብ ነገር ነበር። የእግር ርዝመት፣ የጭን ዙሪያና የቁርጭምጭሚት አቀማመጥ ይለካል፤ ብረቱ ይቆረጣል፤ ይታጠፋል፤ በቆዳ ይለበጣል፤ ከዚያም በበሽተኛው ላይ ተሞክሮ እንደ ገና ይስተካከላል። የዳሌ መገጣጠሚያ ለታመመበት ሰው የሚሠራው ከጀርባ ተነሥቶ እስከ እግር የሚወርደው ረጅም ብረት ታማሚው እንደ ለበሰው በመፍቻ ብረት እየተቆለመመ ከሰውነቱ ቅርጽ ጋር ይስማማ ነበር።

የሥራው ቀን ከንጋት በፊት ይጀምራል። በሠረገላው ሆኖ የተኙትን በሽተኞች በየቤታቸው ይጎበኛል፤ ተመልሶም በሕክምና ቤቱ የተሰለፈውን ሕዝብ ያያል፤ ሌሊት ደግሞ ይጽፋል። ለሠራተኞች የመረዳጃ ማኅበራት ሐኪም ስለ ነበረ ከወደቡና ከመርከብ ማነጫው የሚመጣው ጉዳተኛ ብዙ ነበር። እሑድ የድኆች ቀን ነበር፤ በዚያን ቀን የሚመጣው ሁሉ ያለ ክፍያ ይታከማል። ዕረፍት መውሰድ የማያውቀው ይህ ሰው ለበሽተኞቹ የሚያዘው ዋና መድኃኒት ዕረፍት መሆኑ ያስገርማል።

ዕረፍት ሲባል ግን በአልጋ ላይ መጋደም ማለት አልነበረም። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ተዋሲ መገጣጠሚያቸውን የሚያጠቃቸው ሕፃናት እጅግ ብዙ ነበሩ። የታመመውን ዳሌ ወይም ጉልበት ቆርጦ ማውጣት፣ ካልሆነም እግሩን ከነጭራሹ መቁረጥ የተለመደ ሕክምና ነበር። ቶማስ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። የእርሱ እምነት የታመመው መገጣጠሚያ ምንም ሳይነቃነቅ፣ ሳይቋረጥና በቂ ለሆነ ረጅም ጊዜ ቢያርፍ ተፈጥሮ ራሷ ታድነዋለች የሚል ነበር። መገጣጠሚያው ሲያርፍ ባለቤቱ ግን መራመድ፣ ከቤት መውጣትና ፀሐይ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ ጤነኛው እግር የሚጫማው ጫማ ከሥሩ ከፍ እንዲል ተደርጎ የታመመው እግር መሬት ሳይነካ በብረቱ ውስጥ እንዲንጠለጠል አደረገ። ይህን ሁሉ በ1875 ባሳተመው ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎች ሕመም በሚናገረው መጽሐፉ ገልጾታል።

የተደበቀውን ማእዘን መለካት

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስሙን እስከ ዛሬ በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የሚያስጠራ አንድ የምርመራ ዘዴ አለ። የራጅ ጨረር የተገኘው ቶማስ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። እርሱ የነበሩት መሣሪያዎች ዐይኑ፣ እጁና አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ብቻ ነበሩ።

ችግሩ የሚከተለው ነው። የዳሌ መገጣጠሚያው ታሞ ወይም ጡንቻው አጥሮ ጭኑ በከፊል እንደ ታጠፈ የቀረበት ሰው በጀርባው ሲተኛ እግሩ ቀጥ ብሎ ጠረጴዛውን ነክቶ ሊታይ ይችላል። ይህም የሚሆነው ወገቡ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እንደ ቅስት ስለሚለመጥ ነው። ዳሌውና ወገቡ በተከታታይ እንደ ተያያዙ ሁለት ማጠፊያዎች ስለሆኑ የአንደኛውን ጉድለት ሁለተኛው ይሸፍነዋል። ላይ ላዩን የሚመለከት መርማሪ እግሩ ደኅና ነው ብሎ ያሰናብተዋል።

ቶማስ ያደረገው ነገር ሁለተኛውን ማጠፊያ መቆለፍ ነው። በሽተኛውን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ የጤነኛውን እግር ጉልበት ወደ ደረት ያጥፋል፤ ዳሌው እየዞረ ወገቡ ጠረጴዛው ላይ ጠፍጥፎ እስኪያርፍ ድረስ። በዚህን ጊዜ የታመመው ጭን ሽፋኑን ስለሚያጣ ከጠረጴዛው ይነሣል። በጭኑና በጠረጴዛው መካከል የሚፈጠረው ማእዘን የተደበቀው የጉድለት መጠን ነው። ለመሐንዲስ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ መነሻው ጠለል የማይናወጥ ካልሆነ ከዚያ የሚነሣ ልኬት ሁሉ ሐሰት ነው። በሕክምና ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ያህል ቀላልና እርግጠኛ የሆነ መለኪያ ማግኘት ታላቅ ነገር ነበር።

የመዳን ምልክቱንም በመለካት ይወስን ነበር። ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ መገጣጠሚያው የሚንቀሳቀስበት ስፋት ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ድኗል ማለት ነው፤ ከቀነሰ ግን ሕመሙ ገና ስላልወጣ ብረቱ ይመለሳል። የበሽተኛው ጉጉትም ሆነ የሐኪሙ ግምት በዚህ ፍርድ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ብረቱና ኃይሉ

በስሙ የሚጠራው የቶማስ ስፕሊንት መጀመሪያ የተሠራው ለጉልበት ሕመም ሲሆን በኋላ ለጭን ስብራት ዋና መሣሪያ ሆነ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በቆዳ የተለበጠ ሞላላ ቀለበት በጭኑ ሥር ገብቶ በመቀመጫ አጥንት ላይ ይደገፋል። ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ዘንጎች ተነሥተው ከእግሩ መርገጫ አልፈው ይገናኛሉ። እግሩ በማጣበቂያ ጨርቅ ወይም በማሰሪያ ተይዞ ወደ ታችኛው የብረት ጫፍ ተጎትቶ ይታሰራል።

የመሣሪያው ብልኀት የሚታየው ኃይሎቹን በተከተሉ ጊዜ ነው። እግሩ ወደ ታች ሲወጠር የሚፈጠረው ተቃራኒ ኃይል በዘንጎቹ አድርጎ ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱም ወደ መቀመጫ አጥንት ይሄዳል። እግሩ በውጥረት፣ ብረቱ በግፊት ሆነው ኃይሉ በዚያው በመሣሪያው ውስጥ ተጀምሮ በዚያው ይዘጋል። እግርን በገመድና በመዘውር በተንጠለጠለ ክብደት የሚስበው ዘዴ አልጋ ይፈልጋል፤ አልጋው ሲነቃነቅም ሚዛኑ ይፈርሳል። በቶማስ ስፕሊንት የታሰረ ሰው ግን በቃሬዛም፣ በጋሪም፣ በባቡርም ቢጫን ውጥረቱ አብሮት ይጓዛል። ጭኑ በመወጠሩ ቅርጹ ስለሚጠበቅ ደም የሚጠራቀምበት ቦታ ይጠባል፤ የአጥንቱ ጫፎችም ሥጋውን መውጋት ያቆማሉ።

ቶማስ የዕረፍት ሰባኪ ቢሆንም አጥንት ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ያውቅ ነበር። ስብራቱ ሳይያያዝ የዘገየበት በሽተኛ ሲመጣ ከስብራቱ በላይና በታች በላስቲክ እያሰረ ደም እንዲጠራቀም ያደርግ፣ ቦታውንም በመዶሻ መታ መታ ያደርግ ነበር። አጥንት ጭነት ሲያገኝ እንደሚጠነክር በኋላ በጥናት ከመረጋገጡ በፊት እጁ ወደዚያው አቅጣጫ ያመለክት ነበር።

ብቸኝነቱና ሞቱ

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በሕይወቱ ሳለ ተገቢውን ከበሬታ አላገኘም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሹመት አልነበረውም። መጽሐፎቹን በሊቨርፑል ስለሚያሳትም ለንደን የሚያነባቸው ጥቂት ነበር። ጠባዩም አላገዘውም። ብዕሩ መራራ ነበር፤ ከአሜሪካ ሐኪሞች ጋር የታመመ መገጣጠሚያን በክብደት መሳብ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጉዳይ ለዓመታት ተሟግቷል። እርሱ መሳብን ከዕረፍት አያስቆጥርም ነበር። ኋላ ላይ መሣሪያው በዓለም የታወቀው ግን የተሰበረ ጭን ስቦ በመያዝ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ በተዋጉ ጊዜ ስፕሊንቱን ለፈረንሳይ ጦር አቅርቦ ሰሚ እንዳጣም ይነገራል።

ልጅ አልነበረውም። ነገር ግን የሚስቱ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ የሆነው ሮበርት ጆንስ በ1873 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ቤቱ መጥቶ በእርሱ ዘንድ ሕክምና ተማረ። ጆንስ የአጎቱን ዕውቀት እንጂ ቁጣውን አልወረሰም።

ቶማስ ጥር 6 ቀን 1891 በሳንባ ምች በ56 ዓመቱ ሞተ። በቀብሩ ቀን የሊቨርፑል ድኆችና የወደብ ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሸኙት።

ከቦዩ ሥራ እስከ ጦር ሜዳ

ትምህርቱ ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ ሰፊ ሥራ የገባው በምሕንድስና በኩል ነው። የማንቸስተር የመርከብ ቦይ ቁፋሮ በ1887 ተጀምሮ በ1894 ሲያልቅ የቦዩ ርዝመት 58 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በሥራው ላይ ከ10,000 የሚበልጡ ሠራተኞች የተሰማሩ ሲሆን የአፈር መናድ፣ የባቡርና የማንሻ መሣሪያ አደጋ አልተለየም። በ1888 የሥራው የሕክምና ኃላፊ የሆነው ሮበርት ጆንስ በመስመሩ ላይ ሦስት ሆስፒታሎችና በመካከላቸው የመጀመሪያ ርዳታ ጣቢያዎች እንዲተከሉ አደረገ፤ ጉዳተኞችም ለሥራው በተዘረጋው ሐዲድ ይጓጓዙ ነበር። አንድ ትልቅ የግንባታ ሥራ ከመነሻው የአደጋ ሕክምና ሥርዓት ተዘጋጅቶለት የተካሄደበት ቀደምት ምሳሌ ይህ ነው። በዚያም የቶማስ ዘዴዎች በብዙ ጉዳተኞች ላይ ተፈተኑ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን የእንግሊዝ ጦር ስፕሊንቱን በሰፊው አልያዘም ነበር። ጭናቸው በጥይት ወይም በቦምብ ፍንጣሪ የተሰበረ ወታደሮች ከግንባር ወደ ኋላ ሲጓዙ በደም ማነስና በድንጋጤ ያልቁ ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ከእንደነዚህ ያሉት ቁስለኞች ከመቶ 80 ያህሉ ይሞቱ እንደ ነበር በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ ይህን አኃዝ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች ቢኖሩም ጥፋቱ ከባድ እንደ ነበር የሚክድ የለም። ጆንስ በ1916 የጦሩ የአጥንት ሕክምና ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሾም የአጎቱ ብረት በግንባር ላይ እንዲውል አጥብቆ ሠራ። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ስፕሊንቱን በሱሪና በቦት ጫማ ላይ እንዳለ፣ በጨለማም ጭምር ማሰር እንዲችሉ እንደ ሰልፍ ልምምድ በቁጥር ተማሩ። በ1917 በአራስ ጦርነት ከተመዘገቡት 1,009 የጭን ስብራቶች መካከል የሞቱት ከመቶ 15.6 ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት የቀዶ ጥገናው መሻሻልም ድርሻ አለው። ሆኖም ቁስለኛው ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ በሕይወት እንዲደርስ ያደረገው ብረቱ ነው። ፈልሳፊው ከሞተ በዚያን ጊዜ 26 ዓመት ሆኖት ነበር።

የጸናውና የተሻረው

በዚያው ጦርነት ሌላ ትምህርት ተገኘ። ከሞት የተረፉት ወታደሮች አጥንታቸው ቢገጥምም ጉልበታቸው ደርቆ፣ ጭናቸው ሟሽሾ ቀረ። በፈረንሳይ ዡስት ሉካ ሻምፒዮኒየር ከቶማስ በተቃራኒ ለስብራት እሽታና እንቅስቃሴ ይገባል ሲል ቀደም ብሎ አስተምሮ ነበር። በእንግሊዝ በ1894 የተመሠረተው የእሽታ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው፣ ሙያውን አደራጅቶ ስለ ቆየ በጦርነቱ ጊዜ አባሎቹ ቁስለኞችን ወደ እግራቸው ለመመለስ ብዙ ሠሩ። ዛሬ የጭን ስብራት በአጥንቱ ውስጥ በሚገባ የብረት ዘንግ ከተጠገነ በኋላ በሽተኛው በቀናት ውስጥ እንዲንቀሳቀስና እንደ ስብራቱ ዐይነት እግሩን እንዲረግጥበት ይደረጋል። የቶማስ ረጅም ዕረፍት በዚህ ረገድ ተሽሯል። ስፕሊንቱ ግን ጉዳተኛን ለማጓጓዝና የሕፃናትን ስብራት ለማከም አሁንም ያገለግላል፤ የዳሌው ምርመራም በየዕለቱ ይደረጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያን የሚመለከተው የታሪኩ መነሻ ነው። በኢትዮጵያ እጁ ወይም እግሩ የተሰበረበት ሰው፣ በተለይ በገጠር፣ ዛሬም ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ወደ ወጌሻ ነው። ብዙዎች ድነው ይመለሳሉ። ማሰሪያው ከልክ በላይ ስለ ጠበቀ ደም አልደርስ ብሎት በጋንግሪን የተበላሸ እጅና እግር በሆስፒታል የሚቆረጥባቸውም አሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሕፃናት ይገኙባቸዋል። ጣቱ ቢሰማው፣ ቢሞቅና ቀለሙ ባይለወጥ እስራቱ ደኅና ነው፤ ቢደነዝዝ፣ ቢቀዘቅዝና ቢጠቁር ግን ወዲያው መፈታት አለበት። ይህን ቀላል ፍተሻ መማር ዓመታት አይፈጅም። በኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2005 የታተመ አንድ ጽሑፍ ወጌሻዎች አጭር ሥልጠና ካገኙ በኋላ እንዲህ ባለው ምክንያት የሚቆረጠው ቁጥር መቀነሱን አመልክቷል።

ኢቫን ቶማስ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልከው የአባቶቹን ሙያ እንዲተው አልነበረም። ልጁም አልተወውም፤ መለኪያ ጨመረበት እንጂ። በሊቨርፑል የሥራ ቤት የተቀጠቀጠው ብረት የወጌሻው እጅና የሐኪሙ ዕውቀት በአንድ ሰው የተገናኙበት ሥራ ነው። ሁለቱ ተለያይተው በቆዩበት ዘመን ሁሉ ዋጋውን የከፈለው የተሰበረው ሰው ነበር።